ጭነት ይዛ እንደ ባዶዋ

ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሠፈር ውስጥ ደምመላሽን በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። “የውሃዋ ፒክአፕ” ካላችሁ ግን ሶማሌውም፣ ዓፋሩም፣ አበሻውም እጁን ወደ አንድ አቅጣጫ ይቀስርላችኋል። መኪናዋ ነጭ፣ ባለ ሁለት ጋቢና ቶዮታ ናት። ከፊት መስታወቷ በላይ የእመቤታችን ሥዕል ተለጥፏል፤ ከሥዕሉ ሥር ደግሞ ጎረቤቱ እማ ነጅማ የሰጡት የሙስሊም መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል። “ሁለቱ አንድ ጋቢና ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል፤ እስካሁን ተጣልተው አላስታረቅኳቸውም” ይላል ደምመላሽ ለሚጠይቀው ሁሉ።

ሥራው ለሚሰማው ቀላል ነው። ጎህ ሲቀድ ሠላሳ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ይጭናል፤ ባለቤቱ የውብዳር ያበሰለችውን ምስር ወጥና ሩዝ ከነድስቱ ይደርብበታል። ከዚያ ወደ ነፃ የንግድ ቀጠናው አቅጣጫ ይወጣና ከአስፋልቱ ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ ተራ ለሚጠብቁት የኢትዮጵያ ከባድ መኪና ሹፌሮች ያደርሳል። ከሰዓት በኋላም እንደገና ጭኖ ይመለሳል። በዚያ ሙቀት ውሃ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚመረቀውን ምርቃት የሰማ፣ የደምመላሽ ፊት ለምን ሁልጊዜ እንደሚፈካ ይገባዋል።

ቅዳሜ፣ ሰኞና ረቡዕ ግን ከውሃው በፊት ሌላ ሥራ አለው። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እማ ነጅማን ከደጃፋቸው አንስቶ ሆስፒታል ያደርሳቸዋል፤ ኩላሊታቸውን ታጥበው ሲጨርሱ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ግድም፣ ውሃውን አራግፎ ይመለስና ወደ ቤታቸው ይወስዳቸዋል። ይህንን ሥራ ብሎ አይጠራውም። “ዕዳም አይደለም፣” ይላል፣ “ዕዳ ይከፈላል፤ ይህ የሚከፈል አይደለም።”

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ አስራ ዘጠኝ ዓመት ደምመላሽ የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ ጅቡቲ ገባ። በገባ በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዘው። መኪናው ዕቃውን ጭኖ መመለስ ነበረበትና ተመለሰ፤ እርሱ አንድ የግንብ ጥላ ሥር ተኝቶ ቀረ። ግንቡ የእማ ነጅማ ቤት ግንብ ነበር። ወጥተው አዩት፤ ራሱ ላይ ውሃ አፈሰሱበት፤ ባላቸውን ጠርተው ግቢያቸው ውስጥ ካለችው የቆርቆሮ ክፍል አስገቡት። አርባ ቀን አስታመሙት። እማ ነጅማ እስከ አስራ አራት ዓመታቸው ድሬዳዋ ያደጉ ናቸውና አማርኛቸው ያማረ ነው። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር፤ ደምመላሽ የቀረበለትን የሥጋ መረቅ ፈርቶ ሲያይ፣ ድስቱን መልሰው ወሰዱና ባቄላ በዘይት ሠርተው መጡ። “ያነሳሁህ ልትድን ነው እንጂ ጾምህን ላስፈታህ አይደለም” አሉት።  ከዳነ በኋላ አገር ቤት አልተመለሰም፤ ሥራ አገኘ፣ መንዳት ተማረ፣ የውብዳርን አመጣ፤ እዚያው ሠፈር ከእማ ነጅማ ቤት ሦስተኛው በር ላይ መኖር ጀመሩ።

አሁን እማ ነጅማ ሰባን አልፈዋል። ባላቸው ዐርፈዋል። ልጃቸው ሂንድ ቡላኦስ በሚባለው ሠፈር ጨርቅ ትሸጣለች፤ ጠዋት እናቷን ታሰናዳና ወደ ሱቋ ትሄዳለች። እማ ነጅማ ሁለት ሕግ አላቸው። አንደኛው የሃይማኖታቸው ነው፤ ዘመዳቸው ያልሆነ ወንድ አይነካቸውም። ሁለተኛው የራሳቸው ነው፤ ሴትም ብትሆን ተሸክማ አታነሳቸውም። “የሚያነሱኝ ስሞት ነው፤ እስከዚያ እግር አለኝ” ይላሉ። ስለዚህ መኪናዋ ላይ የሚወጡት በራሳቸው ነው። የኋለኛውን በር ራሳቸው ይከፍታሉ፣ ከጣራው ሥር ያለውን መያዣ ይጨብጣሉ፣ እግራቸውን ያነሳሉ፣ ይወጣሉ። ደምመላሽ ያኔ ሁልጊዜ ወደ ፊት ነው የሚያየው። ዞሮ ላለማየት ራሱን አስለምዷል።

አንድ ቀን ብቻ ተሳሳተ። ሆስፒታሉ በር ላይ ደክሟቸው ሲወጡ አየና የለስላሳ ሳጥን አምጥቶ ከበሩ ሥር አኖረላቸው። እማ ነጅማ ሳጥኑን አዩ፤ በዙሪያቸው የቆመውን ሰው አዩ፤ ታክሲ ጠርተው ሄዱ። ታክሲዋ ዝቅ ያለች ነበረች፤ ውስጧም ሙቅ ነበር፤ ሠፈር ሲደርሱ ሊወርዱ አልቻሉም። ራሳቸውን ስተው ሂንድና የውብዳር ናቸው ያወረዷቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ “አልታጠብም” ብለው ተቀመጡ። ደምመላሽ በዚያ ሳምንት ከእጥበቱ እንዳይቀሩ ብሎ ለእመቤታችን ስለት ተሳለ፤ ሳጥኑንም አቃጠለው።

ዘንድሮ ደግሞ ችግሩ ከመንገድ መጣ። የመጨረሻው ትልቅ ዝናብ ወደ ሹፌሮቹ ሜዳ የሚወስደውን የአፈር መንገድ ቦረቦረው፤ የወንዙ ደረቅ አሸዋ ላይ የድንጋይ ጀርባ ወጣ። መኪናዋን የሚሸከሙት ባሌስትራዎች፣ እነዚያ ተነባባሪ የብረት ቅጠሎች፣ ደግሞ አርጅተዋል፤ ሠላሳ ጀሪካን ሲጫን መኪናዋ እንደ እርጉዝ ድመት ሆዷ መሬት ይደርሳል። መጀመሪያ በበሩ ሥር የነበረው መርገጫ ብረት ተገንጥሎ ቀረ። ቀጥሎ የጭስ ማውጫው ተቀደደ። በሦስተኛው ሳምንት የነዳጅ ታንከሩ ተጫረ። ሌላ መንገድ የለም። ያንን ድንጋይ ማለፍ ካቃተው ውሃውም ምሳውም ይቀራል፤ የቤቱም እንጀራ ይቀራል።

ለተቸገረ ሰው መካሪ አይጠፋም። ሹፌሮቹ ሁሉ የባሌስትራ ሊቅ ሆኑ። አዛውንቱ ሽብሩ፣ ሠላሳ ዓመት በዚህ መንገድ የተመላለሰው፣ “ሁለት ቅጠል አስጨምርበት፤ እኛ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው” አለው። ደምመላሽ አስጨመረ። መኪናዋ ስትጫን ቀጥ አለች፤ ባዶዋን ስትሄድ ግን እንደ ጋሪ ሆነች፣ ሳንቲም ላይ ብትወጣ ዘውዱን ከጎፈሩ የምትለይ። በዚያው ሳምንት ሰኞ እማ ነጅማ ከሆስፒታል ሲመለሱ ግራ ክንዳቸውን በቀኛቸው አቅፈው ወረዱ። ማታ የውብዳር ልትጠይቃቸው ሄዳ ስትመለስ፣

“መርፌ የሚገባበት ክንዳቸው ፋሻው ደም አዝሏል” አለችው። “ምን ላይ ነድተህ ነው?”

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱንም ቅጠል አስወጣ። ሽብሩ ይህን ሲሰማ “እኛ እኮ ብረት ነው የምንጭነው፤ አሮጊት ጭነን አናውቅም” ብሎ ይቅርታ ጠየቀ።

እንግዲህ ቡላኦስ፣ ኢስማኤል ጋራዥ መሄድ ግድ ሆነ። ኢስማኤል የጅቡቲ ሶማሌ ነው፤ ከኢትዮጵያ ሹፌሮች ጋር ሲጣላና ሲታረቅ አማርኛ ለምዷል። አንድ ደንብ አለው፤ ጫት ከተማ የሚገባው ሰባት ሰዓት ግድም ነውና ከዚያ በኋላ ክሪክ አያነሳም። ስለዚህ ደምመላሽ እሑድ ከቅዳሴ ወጥቶ በቀጥታ ሄደ። ተራው ያልደረሰው ሹፌር ጌቾም “አማካሪ ነኝ” ብሎ አብሮት መጣ።

ኢስማኤል ሦስት ካርቶን መሬት ላይ ደረደረ። እያንዳንዱ ውስጥ መኪና ከፍ የሚያደርግ ሙሉ ዕቃ አለ፤ የኋላ ባሌስትራ፣ የፊት ሞላና አራት ሾክ።

“ይህ አራት ኢንች ያነሳል፤ አስር ሳንቲ ሜትር” አለ ኢስማኤል የመጀመሪያውን በእግሩ እየነካ። “ይህኛው ሁለት ኢንች ነው፤ አምስት ሳንቲም፤ ለከባድ ጭነት የተሠራ ጠንካራ። ያኛውም ሁለት ኢንች ነው፤ ግን መካከለኛ፣ ለስላሳ።”

“አራቱን” አለ ጌቾ። “ወንድ ልጅ ካነሳ አይቀር አራት ነው። ሁለት ኢንች ምንድን ነው? የሴት ጫማ ተረከዝ።”

“አንተ የምትነዳው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው፤ ከዚያ ላይ ሆነህ ሁሉ ነገር አጭር ይመስልሃል” አለው ኢስማኤል። “አራት ባነሳ የፍሬኑ ቱቦ ይወጠራል፣ ትራንስሚሽኑ ይጣመማል፣ መሪው ይንቀዠቀዣል። የበጋው ንፋስ ሲነሳ ደግሞ ውሃ ጭኖ በጎኑ ይተኛልሃል። ቅዳሜ ቅዳሜ በረሃ ለሚጫወት ፈረንጅ ይሆናል። ይህ ሰው በየቀኑ ነው የሚነዳት።”

“እሺ፣ ጠንካራውን ሁለት ኢንች” አለ ጌቾ፣ ገበያ እንደሚከራከር ሰው።

ኢስማኤል ወደ ደምመላሽ ዞረ። “ስንት ትጭናለህ? የምትፎክርበትን ቀን አይደለም የምጠይቅህ። የዘወትሩን ንገረኝ።”

“ሠላሳ ጀሪካን። ስድስት መቶ ኪሎ። ስመለስ ባዶዬን ነኝ።”

“ባዶህን ስትመለስ ድንጋዩ ይነካሃል?”

ደምመላሽ አሰበ። “አይነካኝም። አንድ ቀንም ነክቶኝ አያውቅም። ስጭን ብቻ ነው።”

“እንግዲያው የሚያስፈልግህ ይኸው ነው፤ ጭነት ይዛ እንደ ባዶዋ እንድትሄድ። ሌላ ምንም አይደለም። መካከለኛው ባዶዋን አምስት ሳንቲም ያነሳታል፤ ሠላሳ ጀሪካን ስትጭንባት ያችኑ አምስት ወርዳ ዛሬ ባዶዋን የምትቆምበት ቦታ ትቆማለች። ጠንካራውን ብሰጥህ ጭነህም አትወርድም፤ ውሃው ሲራገፍ ግን አሮጊቷን ታፈርጣታለህ። ወላሂ፣ የዚያ ሰኞን ወሬ ሰምቻለሁ።”

ደምመላሽ ከዚህ በፊት በሕይወቱ መንገዱን እንዲህ አጥርቶ ያሳየው መካኒክ አልገጠመውም። ነገር ግን ልቡ ውስጥ ሌላ ጥያቄ ነበር፤ በጌቾ ፊት ሊያነሳው አልፈለገም። አምስት ሳንቲም ለድንጋዩ ጥቂት ነው። ለእማ ነጅማ እግርስ? ጠዋት ከደጃፋቸው ሲወጡ ችግር የለም፤ ደፉ ከፍ ያለ ስለሆነ መኪናዋን ከደፉ ጎን ያስጠጋታል፣ እርሳቸውም ከደፉ ላይ ወደ መኪናዋ ይሻገራሉ። ችግሩ መልሱ ነው። ደክሟቸው ከሆስፒታሉ ሲወጡ መኪናዋ ባዶ ናት፤ ባዶ ስትሆን ደግሞ ከፍ ትላለች። ከእግረኛው መንገድ እስከ ጋቢናዋ ወለል ሠላሳ ስምንት ሳንቲም ነበር፤ አርባ ሦስት ሊሆን ነው። አርባ ሦስት ሳንቲም ይወጣሉ? አዲስ መርገጫ ቢያስበይድላቸው ለእርሳቸው ሌላ ሳጥን ነው። ቢጠይቃቸው “እንግዲህ አስቸገርኩህ ማለት ነው” ብለው ከነጭራሹ ይቀራሉ። ያ የሳጥኑ ሳምንት ይደገማል።

“ነገ እመለሳለሁ” አለው ኢስማኤልን። “የምለካው ነገር አለ።”

ካርቲየ ሁለት ዝቅ ያለ ሠፈር ነው። ጎርፍ በገባ ቁጥር ሰው ደፉ ላይ አንድ ረድፍ ብሎኬት ይጨምራል፤ የቤቱን ዕድሜ ከደፉ ቁመት ታውቃለህ። የእማ ነጅማ ደፍ ከሁሉም ይረዝማል። ደምመላሽ ይህን ነበር ያሰበው፤ እኚህ ሴት በየቀኑ ከመንገዱ ተነሥተው ያንን ደፍ ይወጣሉ። ደፉን የወጣ እግር ያንኑ ያህል መኪናም ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ለጸሎት የገቡ መስሎት ሜትሩን ይዞ ጎንበስ አለ። አርባ አራት ሳንቲም። አንድ ሳንቲም ተረፈ። “ተመስገን” አለ በልቡ።

“ምንድን ነው የምትለካው?” የሚል ድምፅ ከበላዩ መጣ። እማ ነጅማ መጋረጃውን ገልጠው ቆመዋል። “ለሣጥን ከሆነ አትድከም፤ እኛ በጨርቅ ነው የምንቀበረው።”

“የለም እማ ነጅማ፣ ለጎርፉ ነው። አንድ ብሎኬት ብንጨምር ብዬ።”

“ጎርፉ ገና ነው፤ አንተ ግን ላብህ ደርሷል። ግባ ውሃ ጠጣ።”

ገብቶ ጠጣ። ውሸቱ ግን ከውሃው ጋር አልወረደለትም። በማግስቱ ሰኞ እርሳቸውን ከሆስፒታል መልሶ እንዳደረሰ፣ ጫቱ ሳይገባ ኢስማኤል ጋ ደርሶ መካከለኛውን ሁለት ኢንች መረጠ። ማክሰኞ ተሠራ። ኢስማኤል ቡሎኑን ሁሉ አጥብቆ፣ መሪውን አስተካክሎ፣ ሠላሳ ጀሪካን አስጭኖ ለካ። ቁመቷ ትናንት ባዶዋን ከነበረችው ቁመት እኩል ሆነ። “ያልኩህ ነው” አለ፣ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ክሪኩን እየሰበሰበ።

ረቡዕ ጠዋት እማ ነጅማ ከደፋቸው ተሻግረው ገቡ፤ ምንም አላስተዋሉም። ደምመላሽ ሆስፒታል አድርሷቸው ወደ ሜዳው ወጣ። ወንዙ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ትከሻው ተኮማተረ፤ ድንጋዩ ሆዷን ሲፍቅ የሚሰማውን ድምፅ ጠበቀ። አልመጣም። ጎማዎቹ ረግጠው አለፉ። ከወንዙ ማዶ ቆሞ ወረደና ተንበርክኮ ከሥሯ አየ፤ የሚፈስ ዘይትም ነዳጅም የለም፤ ደረቅ ናት። እዚያው እንደተንበረከከ አባታችን ሆይ ደገመ። ሹፌሮቹ ውሃቸውን ጠጡ፣ ምሳቸውን ተቀበሉ፣ መኪናዋን ዞረው አይተው እየተሳሳቁ መረቁት።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሆስፒታሉ በር ላይ ነበር። እማ ነጅማ ወጡ። በሩን ከፈቱ፣ መያዣውን ጨበጡ። ደምመላሽ ወደ ፊት አየ። ጫማቸው የጋቢናዋን ጠርዝ ሲመታ ሰማ፤ ተንሸራቶ ሲመለስም ሰማ። እንደገና ሞከሩ። ሦስተኛ ጊዜ ሞከሩ። ከዚያ ምንም ድምፅ የለም።

“ፀሐዩ ከብዷል” አሉ ከኋላው። “ትንሽ ልቀመጥ።”

ዞሮ አያቸው። ጥላው ሥር ካለው ግንብ ጫፍ ተቀምጠው ክንዳቸውን አቅፈዋል።  ከመኪናው ወርዶ ከፊታቸው ቆመ።

“መኪናህ አድጋለች” አሉት።

“አምስት ሳንቲም ነው፣ እማ ነጅማ። ድንጋዩ እንዳይነካኝ ብዬ ነው። ለጎርፍ ነው ያልኩዎት ውሸት ነበር፤ ደፉን የለካሁት ለእርስዎ ነው። አርባ አራት ይወጣሉ ብዬ ነበር።”

 ደክሟቸውም ቢሆን እማ ነጅማን ሳቅ መጣባቸው።

“ደፉን በአንድ እግር የምወጣው ይመስልሃል? በዚህ ዕድሜዬ? ሂንድ ድንጋይ ታኖርልኛለች፤ በመካከል እሱን እረግጣለሁ።”

“ድንጋይ የለም እኮ፤ አንድ ቀንም አላየሁም።”

“እንዴት ታያለህ? መኪናህን እንዳይነካብህ አንተ ስትመጣ ሁሌ ታስገባዋለች። ሸክም እንዳልመስልህ ደብቄህ ነው የኖርኩት። ሁለታችንም ስንደባበቅ ነው የከረምነው። እንግዲህ ታክሲ ጥራልኝ፤ አልተቀየምኩም።”

አለመቀየማቸው ነበር የባሰው። ደምመላሽ ያቺን ዝቅ ያለች ታክሲ፣ ራሳቸውን የሳቱበትን ቀን፣ የቀሩበትን ሳምንት አሰበ። ቅዳሜ ሲመጣ “ታክሲ ይሻለኛል” ይላሉ፤ ሰኞ ሲመጣ “ዛሬ ደክሞኛል” ይላሉ፤ በመጨረሻ ይቀራሉ። መንገዱን አግኝቶ እርሳቸውን ሊያጣ ነው። “አንተ ታውቃለህ ጌታዬ” አለ፣ በአፉ ሳይሆን።

በዚህ መካከል ጌቾና ሰባት ሹፌሮች ከሆስፒታሉ ግቢ ወጡ። የታመመ ጓደኛቸውን ጠይቀው ሊመለሱ ነው። ፒክአፗን ሲያዩ እንደ ልማዳቸው ፈቃድ ሳይጠይቁ ወደ ኋላ ጭነት ማረፊያዋ ተንጠላጠሉ።

“ወደ ሜዳው አድርሰን ደሜ” አለ ጌቾ እየተመቻቸ። “ደግሞ ቀስ በል፤ እኛ ጀሪካን አይደለንም።”

ደምመላሽ ሊያወርዳቸው አፉን ከፈተ፤ ዳሩ ግን ዓይኑ የመኪናዋ በር ላይ ቀረ። አንድ በአንድ በተቀመጡ ቁጥር የኋለኛው በር ወለል ወደ እግረኛው መንገድ እየቀረበ ነበር። ስምንተኛው ሰው ሲገባ መኪናዋ ረጋ ብላ ጉልበቷን አጠፈች። ያን ጊዜ የኢስማኤል ቃል ትዝ አለው፤ ጭነት ይዛ እንደ ባዶዋ። የትናንትናዋ ባዶ ማለት እኮ እማ ነጅማ ሁልጊዜ የሚወጧት ናት።

“አትውረዱ” አላቸው። “ማንም እንዳይነቃነቅ።”

“ምን አጠፋን?” አለ ጌቾ።

“ምንም አላጠፋችሁም። ተቀመጡ ብቻ።”

እማ ነጅማም አይተዋል። ከግንቡ ተነሥተው፣ ግንባራቸውን በሻሻቸው ጠርገው ቀረብ አሉ። “ተንበረከከች” አሉ ቀስ ብለው። “የአባቴ ግመል እንዲህ ነበረች። ለልጅና ለአሮጊት ሳትመታ ትንበረከክ ነበር።”

መያዣውን ጨበጡ። ደምመላሽ ወደ ፊት አየ። አንድ ጊዜ ሲተነፍሱ ሰማ፤ ከዚያ ወንበሩ ሲጥ አለ፤ ከዚያ በሩ ተዘጋ።

“ሂድ እንግዲህ” አሉት ከኋላው። “ምን ትጠብቃለህ?”

ከኋላ ጌቾ ለጓደኞቹ ሲናገር ተሰማ። “ሃያ ዓመት ጭነት ስጭን ኖሬ ዛሬ ራሴ ጭነት ሆንኩ። ያውም እንዳትነቃነቅ ተብዬ።” እማ ነጅማ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ “ልጄ፣ ክብደትህን እግዜር ይባርክልህ፤ ምሳህንም አትቀንስ” አሉት። ስምንቱም ሳቁ። ያን ቀን ሹፌሮቹ በመጀመሪያ ካርቲየ ሁለትን ጎበኙ፤ ከዚያ ነው ወደ ሜዳቸው የተመለሱት።

ከዚያ ወዲህ ደምመላሽ የሥራውን ተራ ለወጠ። ለውጡ ትንሽ ነው። ቀድሞ እማ ነጅማን ቤታቸው ካደረሰ በኋላ ይጭነው የነበረውን የከሰዓት ውሃ አሁን በፊት ይጭናል። ሠላሳውን ጀሪካን ይዞ ነው ሆስፒታሉ በር ላይ የሚቆመው። ኢስማኤል ነገሩን ሲሰማ ብዙ ሳቀ፤ “እኔ ለድንጋዩ ነበር የመረጥኩልህ” አለው። ደምመላሽ ግን የመረጠለት ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ጠንካራውን ባሌስትራ ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ስምንት ሰው አይደለም አስራ ስድስት ቢጫንባት ጉልበቷን አታጥፍም ነበር። የተሳለውን ስለት በሚቀጥለው የማርያም ዕለት አገባ።

ሂንድም ድንጋዩን ማስገባት ትታለች። “ይታይ፣ እርሱ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ያቁም” ብለው እማ ነጅማ አዘዋል። ደምመላሽ ድንጋዩን ሲያይ አንድ ጎኑ በእግር ብዛት ለስልሶ አገኘው፤ በሲሚንቶ ከደፉ ጋር አያያዘላቸው።

ባለፈው ሰኞ ሆስፒታሉ በር ላይ እንደ ወትሮው ቆሞ ነበር። ውሃው ከኋላ አልፎ አልፎ ይንቦጫረቃል። እማ ነጅማ መጡ። በሩን ከመክፈታቸው በፊት የመኪናዋን ጎን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉና፣ ግመል ሲያስቀምጡ የሚያሰሙትን ድምፅ በምላሳቸው አሰሙ። መኪናዋ አስቀድማ ተንበርክካ ነበር። ወጡና ተቀመጡ።

ደምመላሽ ወደ ፊት እያየ ሞተሩን አስነሣ።